መምቻው የኮይ አባት ንብረት ነው

(ኬንተኪ፣ ከዴልመር ጋራዥ ጀርባ። ዴልመር የድሮ ዘመን ጠመንጃ፣ ያንን ባሩድና አረር በአፉ የሚጎርሰውን፣ በገዛ እጁ ገጣጥሞ ጨርሷል። ነገ የተኩስ ውድድር ነው። የአክስቱ ልጅ ኮይ የባሩድ መያዣውን ቀንድ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ቆሟል፤ ሐሳቡ ግን እናቱ ጋ ነው፤ የጠመንጃውን መምቻ ሳይነግራት ከማንኪያ መሳቢያዋ ነው ያመጣው።)

ዴልመር፦ ከመሳቢያ የመጣ ነገር ተፈልጎ ተገኘ አይባልም! አፈሙዙን ፔንሲልቫኒያ ድረስ ሄጄ ነው ያመጣሁት። ሰደፉን ከቴነሲ፤ እንጨቱን እየው፣ የነብር ቆዳ ነው የሚመስለው።

ኮይ፦ መምቻው ግን የአባቴ ነው።

ዴልመር፦ ማን ካደህ?

ኮይ፦ እማዬ ማንኪያ ልታወጣ መሳቢያውን ስትከፍት ታጣዋለች። ምን ልበላት?

(መምቻው ያቺ የባልጩት ድንጋይ ነክሳ ብረት ላይ እየወረደች እሳት የምትጭረው ናት። እሷ ከሌለች ጠመንጃው ምርኩዝ ነው። አዲስ እንዳይገዛ ዴልመር ያረጀ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ብሏል።)

ዴልመር፦ ተነጋግረናል እኮ። ጠመንጃው በመጀመሪያው ተኩስ ከጮኸ መምቻው የእኔ ነው። ካልጮኸ ነቅለህ ውሰድ።

ኮይ፦ እሺ። አንድ ነገር ብቻ። አፈሙዙ አዲስ አልነበር? ለምን አዛግከው?

ዴልመር፦ ያረጀ እንዲመስል ነዋ! ኮምጣጤ ቀብቼ ሳምንት አሳደርኩት።

ኮይ፦ አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ዝገት ሲፍቅ ነው የኖረው።

ዴልመር፦ አንተ ልጅ፣ ይሄ ጥበብ ነው። አሁን እይና ተማር። መጀመሪያ ባሩድ፣ ቀጥሎ ጨርቅ፣ ከዚያ አረር። ያዝክ?

ኮይ፦ አንተ አንገት ላይ ያለችው ብልቃጥስ?

ዴልመር፦ እሷ ለመምቻው ናት፤ ደቃቅ ባሩድ ነው ያለባት። ክብሪት በላት። ማገዶው፣ ዋናው ባሩድ፣ አንተ ቀንድ ውስጥ ነው።

ኮይ፦ ታዲያ...

ዴልመር፦ ዝም! ሰው ጠመንጃ ሲያጎርስ አይናገሩትም። የተኩስ ሜዳው ሕግ ነው። ተኩሼ እስክጨርስ ትንፍሽ እንዳትል።

(ኮይ አፉን ገጠመ። ለዴልመር ግን ሕጉ ለሌላው ሰው ነው። ጨርቁን አፈሙዙ ላይ እያነጠፈ ስለ ፔንሲልቫኒያው ሽማግሌ አወራ። አረሩን እያስቀመጠ ሽማግሌው ስለሚያረባቸው ውሾች አወራ። አረሩን በዘንግ እስከ ታች ሲገፋው ውሾቹ ገና አላለቁም። ኮይ ቀንዱን ከፍ አድርጎ አሳየው፤ ዴልመር እንደ ዝንብ በእጁ መለሰው። ከብልቃጧ ቆንጠር አድርጎ መምቻው ሥር ጨመረና አነጣጠረ። መምቻው ወረደ፣ እሳት ብልጭ አለ፣ ጭስ ቡፍ አለ። ጠመንጃው ግን ዝም።)

ዴልመር፦ የአባትህ መምቻ ጉድ ሠራኝ!

ኮይ፦ አሁን መናገር ይቻላል?

ዴልመር፦ ተናገር!

ኮይ፦ መምቻው እሳት ሰጥቷል። ቅንድብህ ተለብልቦ ሸትቷል። ማገዶው ግን እዚህ ነው።

(ቀንዱን ነቀነቀው። ጢም ብሎ ሞልቷል። ዴልመር ቀንዱን አየ፣ አፈሙዙን አየ፣ ቁጭ አለ።)

ዴልመር፦ እያየህ ዝም አልከኝ?

ኮይ፦ የሜዳው ሕግ ነው አልክ።

(ኮይ ከኪሱ መፍቻ አወጣ። ጠዋት ከቤት ሲወጣ ነው የያዘው። መምቻውን ፈታና በመሐረብ ጠቀለለው።)

ዴልመር፦ እሺ ውሰድ። ግን አረሩ ውስጥ ተቀርቅሯል። ወግቶ የሚያወጣው ብሎን ያስፈልገኛል፤ እሱን ደግሞ ቴነሲም ፔንሲልቫኒያም ብጠይቅ ለነገ አይደርስም።

ኮይ፦ እኛ ቤት አለ።

ዴልመር፦ የት?

ኮይ፦ መሳቢያው ውስጥ፣ ከማንኪያዎቹ ሥር። አባቴም እያወራ ነበር የሚያጎርሰው።