የከረን ሰው አረማመድ

ሰኔ 1990 ዓ.ም. ነው። ከጊንጪ በጠዋቱ መኪና መጥቼ አምቦ መናኸሪያ ስወርድ፣ ወደ ግንባር የሚሄዱ ምልምሎችን የጫነ አውቶቡስ ሞተሩን አስነሥቶ ቆሟል። አንዲት እናት በመስኮቱ በኩል የልጇን እጅ ይዛ አልለቅም ብላለች። በዚህ መሐል አንድ ረጅም ሰው ሕዝቡን በክርኑ እየከፈለ መጣ፤ የለበሰውን ወፍራም የሱፍ ሹራብ አወለቀና በመስኮቱ ወረወረው።

«ልበሰው የኔ ልጅ! የባድመ ብርድ አጥንት ይሰብራል። እኔ በዓይኔ አይቼዋለሁ!»

እናቲቱ እጁን ልትስም ጎንበስ አለች። ሰውየው እጁን ነጠቀና በካፊያው ውስጥ በሸሚዝ ብቻ፣ የሰረቀ ሰው ይመስል አንገቱን ቀብሮ ሄደ።

ባድመ ቆላ ነው። እንኳን ሹራብ፣ ሸሚዝም ይከብዳል። ካርታ ያየ ሁሉ ይህን ያውቃል። ሰውየው ግን ኦቦ ሌታ ነበሩ፤ ኦቦ ሌታ ደግሞ ካርታ አያዩም።

በዚህች አገር ከተማ በተባለ ከተማ ሁሉ፣ ጎረቤት አገር ደርሶ የተመለሰ አንድ ሰው አለ። ፖስታ ቤት የሌለው ከተማ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ሰው የሌለው ግን አላየሁም። ባኮ ውስጥ ሱዳን ደርሶ የመጣ አለ፤ ጌዶ ውስጥ ጅቡቲን የረገጠ አለ። ሰውየው የደረሰበት አገር ከዚያች ቀን ጀምሮ የግል ርስቱ ነው። ስለዚያ አገር የሚወራ ወሬ ሁሉ በእሱ ኬላ በኩል ያልፋል፤ ሳይፈተሽ የሚያልፍ ወሬ የለም።

የእኛው፣ የአምቦው፣ ክቡር አምባሳደር ኦቦ ሌታ ናቸው። ኤምባሲያቸው የቦጋለች ሻይ ቤት ነው፤ ሬዲዮው ሥር ያለው አግዳሚ ወንበር። ሹመቱን የሰጠናቸው እኛ ነን፤ እሳቸውም ሳያቅማሙ ተቀብለዋል።

አምባሳደርነቱ የመጣው በ1987 ዓ.ም. ነው። ጋዝ ውሃ ጭኖ ከአምቦ ወደ አሰብ በሚወርድ መኪና ላይ ረዳት ሆነው ሄዱ። ደርሶ መልስ አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። ከዚህ ውስጥ አሰብ የቆዩት አራት ቀን ሲሆን፣ ከአራቱ ሁለቱን ከሙቀት ሸሽተው መኪናው ሥር ተኝተው እንዳሳለፉ ሾፌሩ ተናግሯል። የቀሩት ሁለት ቀናት ግን ለሦስት ዓመት ተወርተው አላለቁም።

በአፋር በረሃ ላይ ስለተደረገው ታላቅ ውጊያ አምቦ ውስጥ ያልሰማ የለም። ቀትር ላይ መኪናው ጎማ ሊቀይር ቆሞ ሳለ ድንገት ተኩስ ተከፈተ። ጧ! ጧ! ኦቦ ሌታ ሾፌሩን ጎትተው መሬት ላይ አስተኙት፤ በደረታቸው እየተሳቡ አንዲት ቁጥቋጦ ሥር ገቡ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው «ተማርከናል! ተማርከናል!» እያሉ ጮኹ። ማራኪ ግን አልመጣም። ሾፌሩ ተነሥቶ ቢያይ፣ ከሙቀቱ ብዛት ጋዙ የታመቀባቸው ጠርሙሶች ተራ በተራ እየፈነዱ ኖሯል። ይህ እንግዲህ የሾፌሩ ታሪክ ነው። በኦቦ ሌታ ታሪክ ውስጥ ጠርሙስ የሚባል ነገር የለም። ሽፍቶች ናቸው ያሉት። መጀመሪያ አሥራ ሁለት ነበሩ፤ በዓመቱ ሃያ ደረሱ።

አንድ ጊዜ ደግሞ ሞያሌ ሄደዋል። የእህታቸው ልጅ እዚያ አስተማሪ ነበርና ሊጠይቁት ወርደው፣ ከሰዓት በኋላ ድንበሩን ተሻግረው ኬንያ ውስጥ ሻይ ጠጡ። እዚያ መኪና በግራ በኩል እንደሚነዳ ማን ይንገራቸው? ወደ ለመዱት ወገን አይተው አስፋልቱ ውስጥ ሲገቡ ካልጠበቁት ወገን የመጣ ላንድሮቨር ለጥቂት ሳታቸው። ከዚያ ወዲህ የኬንያ ስም በተነሣ ቁጥር ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

«ኬንያ ሊገድለኝ ሞክሯል» ይላሉ። አገሩ በሙሉ።

እኔ በበኩሌ ከአዲስ አበባ ወዲያ አልሄድኩም። ትምህርቴን ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከተዋስኳቸው መጻሕፍት ለቅሜያለሁ። ስለዚህ አልፎ አልፎ አፌን ከፍቼ፣ «ኦቦ ሌታ፣ ምፅዋ እኮ ከአሰብ በጣም ይርቃል፤ በእግር አይደረስም» እላለሁ።

«ቶሌራ፣ አንተ ያነበብከውን እኔ ረግጬዋለሁ! መጽሐፍህ ላብ አልቦታል? ጉምሩክ ፈትሾታል?»

ቤቱ በሳቅ ይሞላል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ? መጽሐፌን ጉምሩክ ፈትሾት አያውቅም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ።

ሳቁ ቀነሰ። ሬዲዮው ዜና ሲጀምር ቦጋለች ብርጭቆ ማጠቧን ታቆማለች። ልጁ ግንባር የሄደበት ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ይቆማል እንጂ አይቀመጥም። የአምባሳደሩ ነገር ግን ያን ጊዜ ገነነ። የቢሮ ጸሐፊው፣ አስተማሪው፣ ጋሪ ነጂው ሁሉ ዜናው ሲያልቅ ወደ እሳቸው ይዞራል። ኦቦ ሌታ ጣታቸውን ሻይ ውስጥ ነክረው ጠረጴዛው ላይ ድንበር ያሰምራሉ፤ ቦጋለች በጨርቋ ትጠርገዋለች፤ መልሰው ያሰምራሉ።

«እነዚያን ሰዎች እኔን ጠይቁኝ» ይላሉ። «ውለታ አያውቁም። ልባቸው ድንጋይ ነው። በዓይኔ አይቻለሁ።»

ያን ጊዜ አልሳቅሁም። ሰው እያመናቸው ነበርና።

ዳቦ ወደ ሻይ ቤቱ የሚያመጡት ወይዘሮ አበረኸት ናቸው። በንጉሡ ዘመን፣ አምቦ ሀገረ ሕይወት ትባል በነበረ ጊዜ፣ መንገድ ሥራ ላይ ከነበረው ባላቸው ጋር መጡ። ባላቸውን የቀበሩት እዚሁ ነው፤ አንድ ልጃቸውንም የወለዱት እዚሁ ነው። ልጅቷን ሃዊ ብለው ስም ያወጡላት ጎረቤቶች ናቸው፤ ኦሮምኛዋ ከእኔ ይሻላል። ወይዘሮ አበረኸት ከድንበር ማዶ፣ ከረን እንደተወለዱ ከተማው በሙሉ ያውቃል። የነገሩንም ራሳቸው ናቸው፤ ያኔ የትውልድ ቦታን መደበቅ ማን አስቦት!

አሁን እሳቸው በር ላይ ሲታዩ ወሬ ይቆማል። «ጆሮ መጣ» ይላል አንዱ በለሆሳስ። ወይዘሮ አበረኸት ቅርጫቱን ያስቀምጣሉ፤ ቦጋለችን «ገለቶሚ» ብለው አመስግነው፣ ማንንም ሳያዩ ይወጣሉ። እኔም ብርጭቆዬን አይ ነበር። ስለዚህ ነገር እስከ ዛሬ ይቅርታ እለምናለሁ።

በሐምሌ ከከተማው ሁለት ቤተሰቦች በአንድ ሳምንት ውስጥ ተነሥተው ሄዱ። የአንዱ ቤት ልብስ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ቀረ። ወዴት እንደተወሰዱ ሁሉም ያውቃል፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚጠይቅ ግን አልነበረም።

ሁለተኛው ቤተሰብ በሄደ ማግስት፣ ዓርብ ዕለት፣ አቶ ሥዩም ወደ ሻይ ቤቱ ገቡ። ከሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ናቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ፋይል የያዙ ሰው ነበሩ። ሻይ አላዘዙም። ቀጥታ ሬዲዮው ሥር ሄደው ተቀመጡ።

«ኦቦ ሌታ፣ ያንን አገር እንደ እርስዎ የሚያውቅ የለም ይባላል።»

«በዓይኔ ነው ያየሁት» አሉ አምባሳደሩ ደረታቸውን ነፍተው።

«እንግዲያው ይርዱኝ። የወይዘሮ አበረኸት ፋይል ላይ የትውልድ ቦታ የሚለው ክፍት ነው። የየት ሰው ናቸው?»

ቦጋለች ማንቆርቆሪያውን አንሥታ ሳትቀዳ ቀረች። ኦቦ ሌታ ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲጠብቁ የኖሩ ሰው ናቸው። መንግሥት ራሱ መጥቶ፣ ፊታቸው ተቀምጦ፣ እስክሪብቶ ይዞ ጠየቃቸው። ደግሞም ከረን ቢሉ ለአንዲት ጊዜ እንኳ እውነት መናገራቸው ነበር።

«እንትጮ» አሉ።

«ትግራይ?»

«ትግራይ።»

«እርግጠኛ ነዎት? ከረን የሚል ነገር ሰምቻለሁ።»

«ከረን!» ኦቦ ሌታ ብድግ አሉ። «የከረንን ሰው እኔ አጣዋለሁ? የከረን ሰው እኮ አረማመዱ ሌላ ነው!» በአግዳሚዎቹ መሐል ወጡና፣ ቀኝ እግራቸውን ወደ ውጭ እየወረወሩ፣ ትከሻቸውን እያወዛወዙ፣ እንደ ታመመ ግመል እስከ በሩ ሄደው ተመለሱ። «እዚያ መሬቱ አሸዋ ነው፤ እግር እየተጣለ ነው የሚኬደው። የእንትጮ ሰው ግን የዳገት ሰው ነው፤ ጉልበቱን ያነሣል። አበረኸት ዳቦ ተሸክማ ስትመጣ አላዩአትም? ጉልበቷን ታነሣለች!»

በሌላ ቀን ቢሆን ይህ አረማመድ ቤቱን በሳቅ ያፈርሰው ነበር። ያን ቀን ማንም ጥርሱን አላሳየም። ኦቦ ሌታ ተመልሰው ተቀመጡ።

«ዱጋ ነው፣ እውነት ነው» አለች ቦጋለች ከምድጃው በኩል። «ጉልበቷን ታነሣለች።»

አቶ ሥዩም አምባሳደሩን ረጅም ጊዜ አዩአቸው። ከዚያ ፋይሉን ዘጉ።

«የአፍ ቃል አይበቃኝም። ሰኞ ሦስት ሰዓት፣ በጽሑፍ፣ ሁለት ምስክር ሆናችሁ ትፈርማላችሁ። በሐሰት የመሰከረ እንደሚታሰር ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

«ሁለተኛው ማነው?»

ሁሉም ብርጭቆውን አየ። አቶ ሥዩም ፋይላቸውን ይዘው ወጡ። ወዲያው አንዱ ከብት እንደሚጠብቀው፣ ሌላው ቤቱ ሰው እንደሚመጣበት ትዝ አለው። ኤምባሲው በአምስት ደቂቃ ውስጥ ባዶ ሆነ። እኔም ወጣሁ፤ አልዋሽም።

ሁሉቃ ድልድይ ላይ ስደርስ ከኋላዬ የሚሮጥ ሰው ሰማሁ። ኦቦ ሌታ ነበሩ፤ ዝናቡ አበስብሷቸዋል። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ድረስ የድልድዩን ብረት ይዘው ቆሙ።

«ቶሌራ።»

«አቤት ኦቦ ሌታ።»

«ከረንን አላየሁትም።»

«አውቃለሁ።»

«አሥመራንም።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

ከሥራችን ወንዙ ደፍርሶ ይጮኻል። እሳቸው ወደ ውሃው እያዩ ነበር የሚያወሩት።

«አሰብ ላይ ሙቀት ጥሎኝ ነበር። ሁለቱን ቀን መኪናው ሥር የተኛሁት ታምሜ ነው። አንዲት የሰፈሩ ሴት ጠዋትና ማታ እየመጣች በጨርቅ ፊቴን ታቀዘቅዘኝ፣ በማንኪያ ውሃ ታጠጣኝ ነበር። ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም። ስለ እሷ አውርቼ አላውቅም፤ ሰው አያስቅማ። ከዚያ ሰሞኑን ተቀምጬ ልባቸው ድንጋይ ነው እላለሁ።» ፊታቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። «ያንን ወሬ ማን አመጣው? እኔ ነኝ ያመጣሁት።»

እኔም የድልድዩን ብረት ያዝኩ።

«ሰኞ እኔን ብቻዬን ማንም አያምነኝም» አሉ። «ይህን ከተማ ሲያስቅ የኖረ ሰው ቃል ምን ዋጋ አለው? ሥዩምም ያውቀኛል። አንተ ግን እሁድ እሁድ ጉባኤ ፊት ቆመህ ቃሉን የምታነብ ሰው ነህ። ሲዋሽ ሰማሁት የሚል አንድ ሰው አምቦ ውስጥ አይገኝም።»

የሐሰት ምስክርነት ምን እንደሆነ የሚነግረኝ አያስፈልገኝም። ልጆቼን ያስተማርኩት ነው። ስንት ጊዜ በልቤ ይህን ሰው ውሸታም ብዬ እንደፈረድኩበትም አምላኬ ያውቃል። እዚያ ዝናብ ውስጥ ቆሜ ግን፣ በሕይወቴ ያልጸለይኩትን ጸሎት ስጸልይ ራሴን አገኘሁት፤ ውሸታቸው እንዲታመን።

ኦቦ ሌታ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ። የጠቀለሉት የሸሚዝ እጅጌ ውሃ ያንጠባጥባል።

«ወሬውን እኔ አወራለሁ፤ አረማመዱንም እኔው እራመዳለሁ» አሉ። «አንተ አጠገቤ ቁምልኝ። ስጨርስ ደግሞ ስምህን ከስሜ ሥር ጻፍልኝ።»