እያወሩ መውጣት

ደረጃ ያለው ሕንፃ ሁሉ አንድ አሰልጣኝ አያጣም። ማንም አልቀጠራቸውም፤ ስለዚህ ማንም ሊያሰናብታቸው አይችልም። የእኛው ክቡር አሰልጣኝ ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር ናቸው፤ ፊሽካቸው ግን ጡረታ አልወጣም።

ሦስት ዓመት ሸሽቻቸዋለሁ። አንድ ቀን ደረጃ ላይ ሳለከልክ ያዙኝ።

"አውራ!"

"ምን ላውራ?"

"ያሻህን። ማውራት ከቻልክ ለጡንቻህ ኦክስጅን በበቂ እየደረሰው ነው። ካቃተህ እረፍ።"

በዚህ ሕግ ሰበብ የሕንፃው ገመና በሙሉ እሳቸው ጆሮ ገብቷል።

እናቴ ዳሌዋን ተሰብራ ሁለት ወር ስትተኛ ግን ነገሩ ቀልድ መሆኑ ቀረ። ቤታችን አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለም። እግሯ ቀጥኖ እንጨት አከለ። እህቴ "እስከ ወሩ መጨረሻ ደረጃውን ካልቻለችው እኔ ጋ ትገባለች፣ የእኔ ምድር ቤት ነው" ብላ ቆረጠች። እናቴም ቆረጠች። "አርባ ዓመት ከኖርኩበት ቤት ማንም አያወጣኝም!"

ሐኪሟ እንድትንቀሳቀስ በፈቀደ ማግስት አሰልጣኙ ሳይጠሩ መጡ።

"እትዬ፣ ጡንቻ አኩራፊ ነው። ከተውት ይከሳል፤ በየቀኑ ከጠሩት ይመለሳል፣ ደም የሚያደርሱለትን ቀጫጭን ስሮችም ያበዛል። በሉ ከወንበሩ ብድግ!"

"አንተ ሰውዬ፣ ነፍሴን ልታወጣት ነው?"

"ጎሽ! መሳደብ ከቻሉ ኦክስጅን አለ።"

እናቴ ኦክስጅን እንዳላት በየቀኑ አረጋገጠችላቸው። ከብድግ ቁጭ ወደ ደረጃው ተሸጋገሩ፤ አንድ ፎቅ፣ ቀጥሎ ሁለት።

የወሩ መጨረሻ ደረሰ። እህቴ በራችን ላይ ቆመች። እናቴ እስከ ታች ወርዳ ፀሐይ ሞቀችና መውጣት ጀመረች፤ አባቴ እንድታገባው እንዴት እንደለመናት እያወራች። አሰልጣኙ ማረፊያ ወንበሯን ተሸክመው "አውሩ፣ እትዬ!" እያሉ ይከተላሉ፤ እኔም ከኋላቸው። አንደኛ ፎቅ ላይ አረፈች፤ ሁለተኛውም ላይ። ሦስተኛው ላይ "አውሩ" የሚለው ድምፅ ጠፋ። ዞር ስትል አሰልጣኙ ግድግዳ ተደግፈዋል፤ አፋቸው ተከፍቷል፣ ቃል ግን አይወጣቸውም።

"አውራ!" አለች እናቴ።

እጃቸውን ብቻ አወዛወዙ።

"አቃተህ? ሕጉ ያንተው ነው። ቁጭ በል!"

በገዛ ወንበሯ ላይ አስቀመጠቻቸው። መደገፊያውን ይዛ ቆማ፣ ትንፋሻቸው እስኪመለስ የአባቴን ታሪክ ጨረሰችላቸው። የቀረውን አንድ ፎቅ ያለ ወንበር ወጣች። እህቴ አቅፋት አለቀሰች፤ ስለ ምድር ቤቱም ዳግመኛ አላነሳችም።

እኔ ግን አፈርኩ። እኚህ ሽማግሌ ያን ከባድ የእንጨት ወንበር ሲያመላልሱ፣ የገዛ ልጇ እጄን ኪሴ ከትቼ ስከተል ነው የከረምኩት። እወዳቸዋለሁ፤ ይህን እጽፋለሁ ብዬ ግን በሕልሜም አላሰብኩም።

በማግስቱ ጠዋት በራቸውን አንኳኳሁ።

"ጋሼ፣ ይነሱ። ደረጃ እንወጣለን።"

"ማን ጠራህ?"

"ማንም። ወንበሩን እኔ እይዛለሁ፤ እርስዎ ያውሩ።"