ለሌለ ሰው የሚቀርብ ወንበር

ሐሜት የሚያበላሽ ሰው የሌለበት ቤተሰብ በምድር ላይ የለም። ወሬው ሞቅ፣ ድምፁ ዝቅ ሲል፣ ሁሉም ወደ ጠረጴዛው ሲጠጋ፣ ይህ ሰው ጉሮሮውን ይጠርጋል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ስለ አየሩ ጠባይ ማውራት ነው። የእናንተው ምናልባት ጎረቤት ወይም ሩቅ ዘመድ ይሆናል፤ የእኔው የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው።

የዓይን ሐኪም ናቸው። እጃቸው አይቸኩልም፤ ድምፃቸው ከፍ አይልም፤ ፀጉራቸውም በዚህ ዕድሜያቸው አልሳሳም፤ ይህኛውን በዝምታ ማለፍ ተገቢ አይመስለኝም። እህቶቻቸው «ጋሼ» ይሏቸዋል። እኔ በበኩሌ «ክቡር ሊቀ ወንበር» የሚል ማዕረግ በልቤ ሰጥቻቸዋለሁ፤ ምክንያቱ ደግሞ የሚከተለው ነው።

እሁድ እሁድ በአማቴ፣ ማለትም በባለቤቴ እናት ቤት ምሳ እንበላለን። በምሳው መካከል የሌለ ሰው ስም በክፉ የተነሣ እንደሆነ፣ ክቡርነታቸው ማንኪያቸውን በቀስታ ያስቀምጡና «ወንበር አምጡለት» ይላሉ። ከመስኮቱ ሥር የቆመው፣ አንድ እግሩ የሚወላገደው ወንበር ይመጣል። የሌለ ሰው አይወድቅም ሲሉ አማቴ ለዚህ አገልግሎት ያቆዩት ነው። «በሉ እንግዲህ፣ ተቀምጧል፤ ለራሱ ንገሩት።»

መድኃኒት ቤት ያላት ታናሽ እህታቸው አንድ እሁድ የአከራይዋን ግፍ ልትዘረዝር ተነሣች። ወንበሩ ቀረበ። «አንተ ሌ...» አለች። ወንበሩን ትንሽ አየችው። «የሚያፈሰውን ጣሪያ መቼ ታስጠግንልኛለህ?» ብላ ጨረሰች። እኔም የምጽፍበትን ጋዜጣ አዘጋጅ የሚመለከት፣ ሳምንት ሙሉ ስሞርደው የሰነበትሁት ስድብ ይዤ ሄጄ ነበር። ወንበሩ ፊት «ጌታዬ» ብዬ ጀመርሁ። የተረፈውን አልደግመውም፤ አመስግኜው እንደተቀመጥሁ ብቻ ይታወቅልኝ።

እንዲህ ያለውን ደስታ ገዳይ ሰው መሸሽ ሲገባ፣ ሁሉም ይወዷቸዋል። ቤታችን ቧንቧ ሲፈስ እንኳ ባለቤቴ «ጋሼ ቢሆን እኮ...» ትላለች። ክቡርነታቸው በሕይወት ዘመናቸው ቧንቧ ጠግነው አያውቁም። እኔ ስለ ጦርነትና ስለ ሕግ የተጻፈ ሁለት መደርደሪያ ሙሉ መጽሐፍ አንብቤያለሁ፤ በዚያ ቤት የምጠየቀው ግን ሪሞቱ የት እንደገባ ብቻ ነው።

ዕድሌ ድንገት አንድ እሁድ መጣች። በቴሌቪዥኑ ዜና፣ አንድ ኃያል መንግሥት ጦርነት ባላወጀባት አገር መንገድ ላይ ይሄድ የነበረ መኪና ከሰማይ መትቶ የሚፈልገውን ሰው እንደገደለ ተነገረ። ቃል አቀባዩ ከረባቱን አስተካክሎ «ከማንም ጋር ጦርነት ላይ አይደለንም» አለ። መኪናው ውስጥ የነበሩትን ሌሎቹን «አብረውት የነበሩ» ብሎ አለፋቸው።

ተናገርሁ። ሰውዬውን የሚደርስበት ፍርድ ቤት እንዳልነበረ፣ አንድ መኪና መቃጠሉ አንድ ከተማ ከሚቃጠል እንደሚሻል፣ ጥቂት ደም ብዙ ደም እንደሚያድን አስረዳሁ። መድኃኒተኛዋ ጉርሻዋን ዘነጋች። ባለቤቴ ከእጮኝነታችን ወዲህ ባላየሁት ዓይን አየችኝ። ስለ ሪሞቱ ያነሣ አልነበረም።

«ወንበር አምጡለት» አሉ ክቡርነታቸው።

ተዘጋጅቼበታለሁ። «ሟቹ ይቀመጥ?» አልሁ።

«ይቀመጥ።»

«አንተ» አልሁት። «ገበያ መሃል ፈንጂ አስጠምደሃል። ሸመታ የወጣ ሰው አስገድለሃል።»

«ልክ ነህ» አሉኝ። «ይኼ ሰው ብዙ የሚጠየቀው ነገር ነበረበት።»

ማሸነፌ ነው ብዬ ውኃዬን ላነሣ ስል፣ ከወጥ ቤት ሌላ ወንበር ይዘው ተመለሱ። «ይኼ ደግሞ አብሮት የነበረው ነው። ንገረው።»

«ማን ነው እሱ?»

«እኔ ምን አውቄ? መሞቱ ተገቢ ነው ያልከው አንተ ነህ።»

«ሹፌሩ ይሆናላ።»

«እሺ፣ ለሹፌሩ ንገረው።»

አፌን ከፈትሁ። «ጥቂት ደም ብዙ ደም ያድናል» ያልሁት ነገር፣ ፊቱን ወደ ወንበሩ ሲያዞር «ያንተ ደም ጥቂት ነው» ሆነብኝ።

መድኃኒተኛዋ ይህን ጊዜ ልቧ ዞረና የዚያን መንግሥት መሪ ትረግመው ጀመር። ደስ አለኝ፤ ቢያንስ እሱን በጋራ እንጠላዋለን። ክቡርነታቸው ግን ሦስተኛ ወንበር ሳቡ። «እሱስ እዚህ አለ እንዴ? ይቀመጥና ንገሪው።» የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው፤ ከኚህ ሰው ጋር ሰው እንደ ልቡ መጥላት እንኳ አይችልም። መድኃኒተኛዋ እርግማኗን ዋጠች። ያን ጊዜ አማቴ መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ ወንበሩ ዞሩ።

«አንተ ልጅ» አሉት ያንን ኃያል ሰው፤ «ጦርነት ከሆነ ጦርነት ነው በለን፤ የመኪናው ሰዎችም ይወቁት፣ እናቶቻቸውም ይወቁት። ካልሆነ ደግሞ ሰው ገድያለሁ በል። ሁለቱንም ትቶ ከረባት ማስተካከል ምንድን ነው?»

ባለቤቴ ያንን ዓይኗን ከእኔ ላይ አነሣች። ወዴት እንዳዞረችው አትጠይቁኝ።

ከዚያ በኋላ ባሉት እሁዶች ሥራ በዛብኝ፤ ራሴን አመመኝ፤ ጫማዬ ጠበበኝ። እውነቱ ግን ዓይኔ በቅናት ቀልቶ ነበር፤ የማውቃቸው የዓይን ሐኪም ደግሞ እሳቸው ብቻ ናቸው።

በመጨረሻ አንድ እሁድ ዝናቡ ሲበረታ ባለቤቴን ላመጣት ሄድሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። ልገባ ስል የመድኃኒተኛዋ ድምፅ አቆመኝ። «ድሮም ይንቀናል። መጽሐፍ ያነበበ እሱ ብቻ ነው መሰለው። ከእንግዲህ ባንጠራውስ? ካልመጣ አይምጣ።»

የተቃወመ የለም። ባለቤቴም ብትሆን። ካገባሁ ጀምሮ የእኔ ሆኖ የኖረው የእሁድ ቦታዬ፣ እኔ ደጅ ቆሜ ዝናብ ሲመታኝ፣ በአንድ ማዕድ ላይ ሊወሰንበት ነው። ገብቼ ልከራከር እንዳልል፣ ያለችው ውሸት አልነበረም።

«ወንበር አምጡለት» አለ ያ የማይቸኩል ድምፅ።

ወንበር ሲጎተት ሰማሁ።

«አንተ ትዕቢ...» አለች መድኃኒተኛዋ። «እንዲያው ምን ብናስቀይምህ ነው የጠፋኸው?»

«ምሳህን ከድኜልሃለሁ» አሉ አማቴ። «ሲቀዘቅዝ እኔን እንዳትወቅስ።»

«ቅናተኛ» አለች ባለቤቴ፤ እየሳቀች ይመስለኛል። «ይኼኔ ጃንጥላ ሳትይዝ ወጥተህ ይሆናል።»

ውኃ እየተንጠባጠብሁ ገባሁ። ሁሉም መጀመሪያ ወንበሩን፣ ቀጥሎ እኔን አዩ። ክፍት የነበረው እሱ ብቻ ስለሆነ ሄጄ ተቀመጥሁ፤ ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ወንበሩ አልተወላገደም። በጠረጴዛው ራስጌ የሚቆመው፣ መደገፊያ ያለው፣ የእሳቸው የራሳቸው ወንበር ነበር፤ ገና ሙቀቱ አልለቀቀውም። ማዕረጉን ለዛሬ ልተወውና፣ እሱ በዚያ በሚወላገደው ላይ፣ እንዳይወድቅ በአንድ እጁ ጠረጴዛውን ይዞ ተቀምጧል።

«ቀጥሉ» አላቸው። «አሁን መጥቷል፤ እንደ ልባችሁ ማማት ትችላላችሁ።»

ያ የመኪናው ትእዛዝ በተሰጠበት ሩቅ ክፍል ውስጥ ያማሩ ወንበሮች እንደነበሩ አልጠራጠርም። ለሹፌሩ ብሎ ከአንዱ የሚነሣ የሚስት ወንድም ግን አልነበረም። እኔ አለኝ፤ አሁንም እቀናበታለሁ።

እሱ በሌለበት ይህን ሁሉ መጻፌ ደግሞ ያው ሐሜት ነውና፣ ከጠረጴዛዬ ማዶ አንድ ወንበር አቅርቤ ከላይ ጀምሬ ጮክ ብዬ አነበብሁለት። ብዙ ቦታ ላይ ድምፄ ዝቅ አለ፤ ጥቂት የማይባል ነገርም ሰረዝሁ። ስለ ፀጉሩ ያልሁትን ግን ዓይኑን እያየሁም ቢሆን እደግመዋለሁ።