ሦስት ቤተ መጻሕፍት፣ አንድ ወረቀት

ሰው ሁሉ ካልተስማማ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ በሰማንያዎቹ መጨረሻ አርባ ምንጭ ላይ አንድ አውቅ ነበር። ጋሽ ታደሰ ይባላሉ፤ የላይኛው ሰፈር፣ የሴቻው ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበሩ። እኔ የታችኛውን ሰፈር፣ የሲቀላውን፣ እትዬ አልማዝ ደግሞ ተራራው ላይ ያለውን የጨንቻውን እንጠብቅ ነበር።

አንባቢ አንዳችን ጋ መጥቶ የሦስታችንንም መጻሕፍት መጠየቅ እንዲችል ብለው ጋሽ ታደሰ አንድ ዓይነት መጠየቂያ ወረቀት አዘጋጁ። የደራሲው ስም ይቅደም ወይስ የአባቱ? በዚህ ብቻ ግማሽ ቀን ተከራከርን። በመጨረሻ ተስማምተን ፈረምን።

መጀመሪያ የመጣው ስለ ፖም አተካከል የሚያስረዳ መጽሐፍ የፈለገ መምህር ነበር። ወረቀቱን በመኪና ላክሁ። ከሴቻ «የለም» የሚል መልስ መጣ። እትዬ አልማዝ ግን በሳምንቱ እንዲህ ጻፉልኝ፦ «መጽሐፉ የለም። ልጆቹ ደህና ናቸው? እዚህ ብርዱ ሊገድለን ነው። ምናለ ሙዝ ብትልክልን?»

ጋሽ ታደሰ አላስችል ብሏቸው ሲቀላ ድረስ ወረዱ። መጽሐፉን ከየት ቢያወጡት ጥሩ ነው? ከእኔው መደርደሪያ!

«የራስህን ሳታይ ነው አገር የምታስቸግረው?»

«ጋሼ፣ ወረቀቱ ሌሎቹን ጠይቅ እንጂ የራስህን እይ አይልም።»

እውነቴን ነበር። በማግስቱ ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ተጨመረ፦ «አስቀድመህ የራስህን መደርደሪያ ፈትሽ።»

መስመሯን አከበርኳት። ሁልጊዜ አስቀድሜ የራሴን እፈትሻለሁ፤ መጽሐፉን አግኝቼ ለአንባቢው እሰጣለሁ። ከዚያ ወረቀቱን ሞልቼ፣ ከሙዝ ጋር አስሬ፣ ወደ ጨንቻ እልካለሁ። ታዲያ ከ«የለም» ቀጥሎ ያለውን ማን ይጻፍልኝ?