ሥር የሌለው ችግኝና ገለልተኞቹ እኛ

በዚህ አገር ገለልተኛ ሰው የለም፤ ያልተጋበዘ ሰው ብቻ ነው ያለው! አትቆጡኝ… እኔም ስልኬ እስኪጠራ ድረስ ገለልተኛ ነበርኩ። ሰመራ ውስጥ የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ ከደጋ ወርጄ እዚህ ሙቀት ውስጥ መቀቀል ከጀመርኩ ዓመታት ሆነውኛል። በመንግሥት የአካባቢ ጥበቃ ሥራ ላይም የማያወላውል አቋም ነበረኝ፦ ዜናው ሲጀምር ቻናል እቀይራለሁ። ከዚህ በላይ ገለልተኝነት ከየት ይመጣል?

የደወለልኝ ሰው አቶ በዛብህ ይባላል። የአንድ መሥሪያ ቤት አስተባባሪ ነው። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁም “ሁሉም እንደዚያ አይደል እንዴ?” ብላችሁ ታልፉታላችሁ።

“መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ለመሆኑ ገለልተኛ ነዎት?”

“ከምን?”

“ከሁሉም ነገር።”

“ከደረጃ ዕድገት ከተገለልኩ እንኳ ቆይቻለሁ…”

“በቃ! የምንፈልገው እርስዎን ነው!”

ከዚያ ጉዳዩን አስረዳኝ። መሥሪያ ቤቱ በአዋሽ ሸለቆ ኒም የተባለውን የጥላ ዛፍ ተክሏል፤ የግጦሹን መሬት የዋጠውን እሾሃም መጤ ዛፍ፣ ፕሮሶፒስን፣ መንጥሯል፤ ምድሪቱን አረንጓዴ አልብሷል። ይህንንም በሪፖርት ጽፏል። የቀረው ነገር ቢኖር ሪፖርቱ እውነት መሆኑን የሚያረጋግጥ ገለልተኛ ኮሚቴ ብቻ ነው። ልብ በሉልኝ! “እውነት መሆን አለመሆኑን” አላለም። “እውነት መሆኑን” ነው ያለው። እኔ ግን ልቤ በኩራት አብጦ ስለነበር ልዩነቱ አልታየኝም።

ለባለቤቴ ለሰብለ ነገርኳት።

“አንተ ነህ ገለልተኛ?” አለች። “ባለፈው ከጎረቤት ጋር ስጣላ ‘ሁለታችሁም ልክ ናችሁ’ ብለህ ሁለታችንም አላኮረፍንህም?”

“ያ እኮ ነው ገለልተኝነት!”

“ያማ ፍርሃት ነው” ብላኝ ወደ ጉዳይዋ ሄደች።

ሥልጠናው አዋሽ ከተማ፣ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነበር። አዎ፣ ሥልጠና! ገለልተኝነት እንዲሁ ከእናት ማህፀን ይዘውት የሚወጡት ነገር መስሏችሁ ነበር? ያሠለጠነንስ ማን መሰላችሁ? ራሱ አቶ በዛብህ! የሚመረመረው ሰውዬ መርማሪዎቹን እንዴት እንደሚመረምሩት አስተማራቸው። ቬንቲሌተሩ ትኩሱን አየር ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ እያመላለሰ፣ እኛም እያላበን፣ “ገለልተኛ ታዛቢ አሉታዊ ነገር ላይ አያተኩርም” የሚል ነገር ማስታወሻ ደብተራችን ላይ ገለበጥን። ሲያልቅ አረንጓዴ ቲሸርት ታደለን። ደረቱ ላይ የመሥሪያ ቤቱ ዓርማ፣ ጀርባው ላይ ደግሞ በትልልቁ “ገለልተኛ” ተጽፎበታል።

ሦስት ነበርን። አንዷ ሲስተር አልማዝ ናቸው፤ ዱብቲ ውስጥ የጥጥ እርሻ ሠራተኛውን ወባና የወሊድ ምጥ ሲታገሉ ኖረው ጡረታ የወጡ ነርስ፣ አጠር ያሉ፣ ቁጡ ሴት። ሌላው አቶ ገዛኸኝ የሚባል የአዋሽ ነጋዴ ነው። በምሳ ሰዓት ምን እንደሚነግድ ብጠይቀው ምን አለኝ?

“ችግኝ። ለፕሮጀክቱ ችግኝ ያቀረብኩት እኔ ነኝ።”

“ታዲያ… ገለልተኛ ኮሚቴ ውስጥ?”

“ከእኔ በላይ ችግኙን ማን ያውቀዋል?” አለና ጥብሱን ወደ እኔ ገፋልኝ። በላሁ። ምን ላድርግ? ገለልተኛ ሰውም ይርበዋል።

ከምሳ በኋላ ረቂቅ ሪፖርት ተሰጠን። “ኮሚቴው በአካል ተገኝቶ ባደረገው ምልከታ ችግኞቹ በጥሩ ሁኔታ ላይ መሆናቸውን አረጋግጧል” ይላል።

“አቶ በዛብህ፣ እኛ እኮ ገና አላየንም” አልኩ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ።

“ነገ ያዩ የለም እንዴ? ጊዜ ለመቆጠብ ነው።”

በማግስቱ በመሥሪያ ቤቱ መኪና ወደ ሰመራ ጉዞ ጀመርን። ሹፌሩ የሚነዳው ከጂቡቲ መኪናዎች ጋር እልህ የተጋባ ይመስል ነበር። አቶ በዛብህ ከፊት ተቀምጦ በየደቂቃው ወደ መስኮቱ ይጠቁማል። “በግራ በኩል የሚታየው የተመነጠረው ነው!” ዞር ስንል አልፏል። “በቀኝ በኩል የተተከለው!” እሱም አልፏል። ያየሁትን በሐቀኝነት ልመስክር ካላችሁኝ፣ ያየሁት አረንጓዴ ነገር የቲሸርቴን እጅጌ ብቻ ነው።

“ወርደን አናይም?” አልኩ።

“በመስኮት ይታያል እኮ መምህር! ሰመራ ፊርማ ይጠብቀናል።”

ወደ መቀመጫዬ ተደገፍኩ። (ሰብለ ትክክል ነበረች፤ እዚህ እንደተናገርኩ ግን አትንገሯት።) ያን ጊዜ ሲስተር አልማዝ ከኋላ “አቁም!” አሉ።

“ምነው ሲስተር?”

“ሽንቴ መጣ።”

“ትንሽ ቢታገሡ… ሆቴል እንደርሳለን።”

“ልጄ፣ በእኔ ዕድሜ ትንሽ የሚባል ነገር የለም። ወይ አቁም ወይ መኪናህን አጥብ!”

መኪናው ቆመ። የአገሪቱ ገለልተኛ ቁጥጥር በሙሉ በአንዲት ጡረተኛ ፊኛ ላይ ተንጠልጥሎ ቆመ ማለት ነው! ሲስተር ወርደው ወደ ቁጥቋጦ አልሄዱም። ቀጥ ብለው ወደ ታጠረው መሬት ነው የተራመዱት።

“ሲስተር፣ ወዴት?” ብዬ ተከተልኳቸው።

“ልታይ ነው የመጣኸው ወይስ ልትሸኘኝ?” አሉኝ ሳይዞሩ።

መሬቱ ወንዙ ዳር ያለ ሜዳ ነው። በሽቦ ታጥሯል፤ “ወደ ውስጥ መግባት ክልክል ነው” የሚል ታፔላ ተተክሎበታል። ውስጡ በመስመር በመስመር የቆሙ ችግኞች አሉ፤ ለምለም፣ ቀጥ ያሉ፣ በዚያ ፀሐይ አንገታቸውን ያላዘነበሉ! ለአፍታ ያህል አፈርኩ። “ይኸው ተክለዋል፤ ምነው ሰው ማመን አቃተኝ” አልኩ። ከዚያ ግን ለዓመታት የቅጠል ዓይነት ሳስተምር የኖርኩበት ዓይኔ አላስችል አለኝ። ኒም የተባለው ዛፍ የኒም ቅጠል የለውም። ጠጋ አልኩና አንዱን ጨብጬ ሳብኩት።

ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ሆነ። አንደኛ፣ ችግኙ ቅቤ ላይ እንደተሰካ ክብሪት ያለ ምንም ግብግብ ተነቅሎ መጣ፤ ሥር የለውም፤ ጫፉ በመጥረቢያ የተቆረጠ ነው። ሁለተኛ፣ የጣት ርዝመት ያለው እሾህ መዳፌ ውስጥ ተሰገሰገ። የጮኽኩት ጩኸት ጂቡቲ ወደብ ሳይሰማ አይቀርም!

ፕሮሶፒስ ነበር! ገባችሁ? መንጥረን አጠፋነው ያሉትን ዛፍ ቅርንጫፉን ቆርጠው እዚሁ ሰክተውታል። ሲቆረጥ “ተመነጠረ”፣ ሲሰካ “ተተከለ”። አንድ ቅርንጫፍ ሪፖርቱ ላይ ሁለት ቦታ ሠራ! እንዲህ ዓይነት ታታሪ ቅርንጫፍ በሕይወቴ አላየሁም።

ሲስተር እሾሁን ሲያወጡልኝ ከአጥሩ ውጪ አንዲት አፋር ሴት ፍየሎቿን ይዛ ቆማ ታየናለች። ኸዲጃ ትባላለች። ለመኪና ሹፌሮች ወተት ስትሸጥ አማርኛውን አጥርታ ለምዳዋለች።

“የማን ናችሁ?” አለች።

“ገለልተኛ ነን” አልኳት፣ እያቃሰትኩ።

ትንሽ አሰበች። “ገለልተኛ የሚባል ጎሳ አላውቅም። ከየት በኩል ነው?”

ሲስተር ሳቁ። “እሱ አስተማሪ ነው፤ እኔ ነርስ ነኝ” አሏት። ከዚያ ኸዲጃ ነገረችን። ይህ ዛፍ የቀረውን ግጦሽ ሁሉ ውጦታል፤ በበጋ ለፍየሎቿ የሚተርፋት ይህ የወንዝ ዳር ሜዳ ብቻ ነበር። ባለፈው ወር መጥተው አጠሩት። ችግኝ ስላለ ከብት አይገባም አሏት። አንድም ነገር ሳይተከል ሜዳው እንደታጠረ ከረመ። ትናንት ግን በመኪና ቅርንጫፍ ጭነው መጡ፤ ሲሰኩ ዋሉ።

“ወላሂ በዓይኔ አይቻለሁ። ሁለት ፍየል ሞተብኝ። ልጆቼ ወተት ይላሉ፤ እኔ አጥር አሳያቸዋለሁ። አንተ አስተማሪ ነህ አይደል? ይህን ጻፍ።”

“እጽፋለሁ” አልኳት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ አቶ በዛብህ እየሮጠ ሲመጣ ታየኝ።

“ምን ሆናችሁ! እዚህ ቦታ እኮ ፕሮግራም አልተያዘለትም!”

“አቶ ገዛኸኝ፣ ይህ ያንተ ኒም ነው?” ብዬ ቅርንጫፉን አነሣሁለት።

አቶ ገዛኸኝ መኪናው አጠገብ ቆሞ ቅርንጫፉን አየው፤ ቀጥሎ ሰማዩን አየ። “ከሩቅ ሲታይ… ይመስላል” አለ።

ሰመራ ስንደርስ ቢሮው ውስጥ ሪፖርቱ ታትሞ፣ እስክሪብቶ በላዩ ተጋድሞ ጠበቀን። አቶ ገዛኸኝ ቆሞ ፈረመ። የእኔ ተራ ሲደርስ በፋሻ የተጠቀለለ እጄን አሳየሁ። እውነቱን ልንገራችሁ? እሾሁን ልስመው ምንም አልቀረኝ! እንቢ ሳልል የምተርፍ መስሎኝ ነበር።

“በግራዎ ይፈርሙ” አለ አቶ በዛብህ።

“በግራዬ አልለመድኩም።”

“የጣት አሻራም ይበቃል” ብሎ የማኅተም ቀለም ሳበ። ድምፁን ዝቅ አድርጎም “መምህር፣ ርእሰ መምህርዎን በደንብ አውቃቸዋለሁ። ራቅ ወዳለ ወረዳ ዝውውር እያዘጋጁ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ…” አለኝ።

አውራ ጣቴ፣ እግዚኦ፣ ወደ ቀለሙ ጉዞ ጀምሮ ነበር። ሲስተር አልማዝ እስክሪብቶውን ከፊቴ አነሡ። የረቂቁን አንድ ገጽ ገለበጡና ከጀርባው፣ ልክ የሕመምተኛ ካርድ እንደሚሞሉ፣ ጻፉ፦ “ሁኔታ፦ ሥር የለውም። ውጤት፦ ከመድረሳችን በፊት የሞተ። ምክንያት፦ ተቆርጦ ስለተሰካ። ሕክምና፦ የለም፤ አጥሩ ለፍየሎቹ ይከፈት።” ፈረሙበትና ወረቀቱን ወደ እኔ ገፉት። ቀና ብለውም አዩኝ።

በግራ እጄ ፈረምኩ። ፊርማዬ የአንደኛ ክፍል ተማሪ የጻፈው ይመስል ነበር፤ ግን የእኔ ነው።

አቶ በዛብህ ቀላ። “ይህ ገለልተኝነት አይደለም! ወገንተኝነት ነው!”

“ለማን ወገንን?” አሉት ሲስተር።

“ለ… ለ…” ፈለገ፣ ፈለገ፣ “ላያችሁት ነገር!” አለ።

እንዲህ ያለ ክስ ተከሳችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ከዚያ በፊት አላውቅም።

ከዚያ የሆነውን ላሳጥረው። ሪፖርቱ ወጣ፤ እኔና ሲስተር “በጤና ምክንያት” በሌሎች ሁለት ገለልተኞች ተተክተናል። እኛ እንኳ ስንነቀል ከነሥራችን ነው! ዝውውሩ ወሬ ሆኖ ቀረ፤ ይሁንና የትምህርት ቤቱን የአካባቢ ጥበቃ ክበብ እንዳስረክብ በደብዳቤ ታዘዝኩ። ሲስተር ግን የጻፏትን ወረቀት ፎቶ ኮፒ አድርገው፣ ሚኒባስ ተሳፍረው፣ ለኸዲጃ በእጇ ሰጧት። ኸዲጃም ለጎሳዋ ሽማግሌዎች ሰጠች። ሽማግሌዎቹ ወረቀቱን ይዘው ወረዳ ገቡ። የወረዳው ኃላፊ አገላብጦ አየውና “ይህ እኮ ማኅተም የለውም” አላቸው።

“ችግኙስ ሥር አለው?” አሉት አንዱ ሽማግሌ።

ኃላፊው አብሯቸው ሄዶ አየ። ያን ጊዜ የተሰካው ሁሉ ደርቆ የማገዶ ጭራሮ ሆኗል። በሳምንቱ አጥሩ ተከፈተ፤ ፍየሎቹ ገቡ። ኸዲጃ ጭራሮውን ለቅማ እንደማገደችው ሲስተር ነገሩኝ። በፕሮጀክቱ ከተገኘው ጥቅም ሁሉ እውነተኛው ይህ ነው።

ባለፈው ወር ወደ አዋሽ ስሄድ መንገድ ዳር ወተት ስትሸጥ አገኘኋት። በእጄ የመሥሪያ ቤቱ አዲስ መጽሔት ነበር፤ የሽፋኑን ፎቶ ሳላሳያት ማለፍ አልቻልኩም። ያ ሜዳ ነው፤ በላዩ ፍየሎች ተሰማርተዋል። ከሥሩ “በፕሮጀክቱ ከለማው መሬት ተጠቃሚ የሆኑት የወይዘሮ ኸዲጃ ፍየሎች” ይላል። አነበብኩላት። እኔ በንዴት እየነደድኩ ነበር፤ እሷ መጽሔቱን ተቀብላ፣ ወደ ዓይኗ አስጠግታ፣ ፍየሎቹን አንድ በአንድ መረመረቻቸው። ከዚያ መለሰችልኝ።

“አስተማሪው፣ እነዚህ የእኔ ፍየሎች አይደሉም።”