የሠንጠረዡ የመጨረሻ መስመር

ሰው የመከፋፈል ሱስ አለበት። የሲጋራ ሱስ ያለበት ሰው እንኳ ነውሩን አውቆ ውጭ ወጥቶ ያጨሳል፤ የመከፋፈል ሱስ ያለበት ግን ሊቀመንበር ሆኖ መሀላችን ይቀመጣል። እኔንና እናንተን ብቻ አንድ ክፍል ውስጥ ቢቆልፉብን ከምሳ በፊት ሦስት ማኅበር እናቋቁማለን። ሦስተኛው የአስታራቂዎች ነው።

የእህቴ ልጅ ምህረት ይህንኑ ሥራ በወጉ ልትማረው ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ደቡብ አፍሪካ፣ ጆሃንስበርግ ዮቪል ሰፈር ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛዋ እንግሊዝኛ ካልደገፈው ሁለት እርምጃ የማይሄድ ልጅ ናት። የምታጠናው ወደ ሞዛምቢክ ድንበር ገደማ፣ ባሕሩን ተከትሎ የተዘረጋውን አሸዋማ ሜዳ ነው፤ እዚያ የበቀለውን ደንና ቁጥቋጦ በየማኅበሩ ትለያለች። የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ማቴዎስ ይህን ሲሰሙ ከት ብለው ሳቁና «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!» አሉ። ይህን የሚሉት ኮዝሞ ሲቲ ሰፈር በሚገኘው ስፓዛ ሱቃቸው ውስጥ የዓሣውን ቆርቆሮ ከባቄላው ለይተው መደርደር ተስኗቸው፣ ደንበኛ ሁሉ ባንኮኒው ላይ ተንጠልጥሎ «እሱን ሳይሆን ያንን!» እያለ የሚጮህባቸው ሰው ናቸው።

እውነቱን ለመናገር እኔም ስቄያለሁ። አንድ ጊዜ ይዟት ሊሄድ የነበረው መኪና ቀረባትና ሱቄን ለሦስት ቀን ዘግቼ ራሴ ወሰድኳት። ሥራዬ የገመድ ጫፍ መያዝ ነበር። በገመድ አራት ማዕዘን ትከልላለች፤ ከዚያ ውስጡ ያለውን ተክል ሁሉ፣ ከዛፉ እስከ ሣሩ፣ እየዞረች ትጽፋለች፤ እያንዳንዱ ምን ያህል መሬት እንደሸፈነም ትገምታለች። ከዚያ ገመዱን ጠቅልለን ሌላ ቦታ። በሁለተኛው ቀን ወገቤን ሲቆርጠኝ አላስቻለኝም።

«ምህረት፣ እነዚህ ሁለቱ መንትያ ይመስላሉ። ዘመዳሞቹን አንድ ላይ ጽፈሽ ለምን አንገላገልም?»

«ኖ ጋሼ፣ ዘመድነታቸውን አይደለም የማየው። ማን ከማን ጋር አብሮ ይኖራል? ኮሚዩኒቲ ማለት እሱ ነው።»

የእኛን ዶቅማ የሚመስል ዛፍ ደግሞ በሄድንበት ሁሉ አገኘን። «ዋናው እሱ ነዋ!» አልኳት። ሳቀች። በሠንጠረዡ ላይ እንዲያውም መጨረሻው መስመር ላይ እንደምታሰፍረው ነገረችኝ፤ ሁሉም ቦታ የሚገኝ ነገር አንዱን ማኅበር ከሌላው ለመለየት አይረዳምና። ለዛፉ አዘንኩለትና ፍሬውን ለቅሜ በላሁ።

አሁን ወደ ጉዳያችን። እድራችን ሁለት ሊሆን ነው ተባለ፤ የወንዙ ወዲህና የወንዙ ማዶ። የትኛው ወንዝ? ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። አገር ቤት ያለ፣ በበጋ ዶሮ ሳይረጥብ የሚሻገረው ወንዝ ነው። ስንቱን ድንበር በጫካ አቋርጠን ጆሃንስበርግ የገባን ሰዎች ያንን ጅረት መሻገር አቃተን። ምክንያቱ ደግሞ ሌላ አይደለም፤ ሊቀመንበር መሆን የሚፈልጉት ሁለት ሰዎች ሲሆኑ ወንበሩ አንድ ነው።

በዚህ መሀል የወደቀችው እትዬ ዘነበች ናት። ትሮይቪል አንድ ክፍል ተከራይታ መጋረጃ የምትሰፋ፣ የሰፈሩ ልጆች በዙሉኛ «ጎጎ»፣ አያታችን፣ የሚሏት ሴት ናት። የተወለደችው ማዶ፣ ያገባችው ወዲህ፤ ባሏ ሞቷል፣ ልጅ የላትም። የማዶዎቹ «በባሏ የእናንተ ናት» አሉ፤ የወዲሆቹ «በትውልዷ የእናንተ ናት» አሉ። ስሟ ከሁለቱም ዝርዝር ቀረ። አንድ ቀን ሱቄ ድረስ መጣች፤ የእድሩ ጸሐፊ እኔ ነኝና።

«ልጄ፣ እንዲህ ሆኜ ብሞት ማን ያነሳኛል? ማዘጋጃ ቤት ነው የሚቀብረኝ?»

«ይታያል እትዬ» አልኳት። ይታያል! እንዲህ ያለ መልስ ከአፌ በመውጣቱ እስካሁን አፍራለሁ። ባሏ የሞተ ለት ሬሳ ማጠቢያው ድረስ ደግፌ የወሰድኳት እኔ ነበርኩ።

እንግዲህ ጋሽ ማቴዎስ የማን እንደሆኑ ያልታወቁ አባላት ሲበዙባቸው ያቺ ኩበት ለቃሚ ትዝ አለቻቸው። «ያቺ የእህትህ ልጅ መለየት አይደል የተማረችው? ትለየን!» አሉ። ምህረት የሁላችንንም ለቅሶ ስም መጥሪያ መዝገብ ካገኘች እንደምትሠራው ተናገረች። እድራችን ለቅሶ ቤት የደረሰና የቀረ ሁሉ የሚመዘገብበት መዝገብ አለው፤ በሌላው ነገር ብንሰንፍም በዚህስ አንታማም። መዝገቦቹን ሁሉ አቅፋ ሄደች። ልጅቱ ልቧ ንጹሕ ነው፤ ሳይቸግራት ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ዮቪል በተከራየነው አዳራሽ ተሰበሰብን። ምህረት ሠንጠረዡን ግድግዳው ላይ አበራችውና አስረዳች። እያንዳንዱን ለቅሶ ቤት በገመድ እንደተከለለ መሬት ቆጥራዋለች፤ ማን ከማን ጋር ተገኘ ብላ አባላቱን ደርድራለች። አንድ ሕንጻ ላይ የኖሩት አንድ ላይ ወጡ። አንድ ሰፈር የሚነግዱት አንድ ላይ ወጡ። መዘምራኑም እንዲሁ። እንዲህ እንዲህ እያለ አምስት ስብስብ ሆነ።

«ወንዙ የለም» አለች ፊቷ እያበራ። «ዳታው ውስጥ ፈለግሁት፣ ምንም! እናንተ እኮ በወንዝ አትኖሩም።»

ጋሽ ማቴዎስ መነጽራቸውን አስተካክለው እስከ ታች አነበቡ። የመጨረሻው መስመር ላይ ዘነበች የሚል ስም አለ። በእኛ ዘንድ ዝርዝር ማለት ማዕረግ ነው፤ ላይ ያለ ይከበራል፣ ታች ያለ ወንበር ያቀርባል። ስለዚህ ጣታቸውን ቀስረው «ይኸው፣ ሳይንሱም መጨረሻ አደረጋት! የማንም አይደለችም ብለን አልነበረም?» አሉ።

ምህረት አማርኛዋ ጠፋባት። «ኖ! ኖ! እሷ ሁሉም ውስጥ ናት! እያንዳንዱ ለቅሶ! ያለእሷ አንድም የለም። ታች ያደረግኋት እናንተን ለመከፋፈል ስለማትረዳ ነው!»

እትዬ ዘነበች ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። እኔ ሞኙ፣ አሁን እናፍራለን ብዬ ጠበቅሁ። ከኋላ አንድ ሰው «አቤት ጌታ ሆይ» ሲል ሰማሁና ልቤ ተስፋ አደረገ።

ጋሽ ማቴዎስ ቀስ ብለው ተነሡ።

«ተባረኪ ልጄ። ለካ ሁለት ነን ስንል ተሳስተን ኖሯል። አምስት ነን!»

ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሣው ምንም አልቀረው። በአንድ ወንበር ሲናቆሩ የከረሙ ሰዎች አምስት ወንበር ሲያዩ ተቃቅፈው ተላቀሱ። ለምሳ ሳንነሣ አምስት ሊቀመንበር፣ አምስት ምክትል፣ አምስት ጸሐፊ ተመረጠ። እኔ የሦስተኛው ጸሐፊ ሆንኩ። «የሚደግፍ» ሲባል እጄን አወጣሁ ወይ ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ፣ አዎ፣ አወጣሁ። ምህረት አየችኝ፤ ኮምፒውተሯን ዘግታ ሳትሰናበተኝ ወጣች።

የእትዬ ዘነበች ጉዳይም በሳይንሱ መሠረት ተወሰነ። በሁሉም ውስጥ መሆኗ ስለተረጋገጠ የአምስቱንም ለቅሶ እንድትደርስ፣ ብትቀር በአምስቱም እንድትጠየቅ ሆነ። እጇን አወጣች።

«የእኔንስ ቀብር የትኛው ነው የሚወጣው?»

አምስቱ ሊቃነ መናብርት ተያዩ። «እሱ በየተራ ይታያል» አሉ ጋሽ ማቴዎስ።

«ምን ተራ አለው» አለች እትዬ ዘነበች፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። «እኔ የምሞተው አንዴ ነው።»

እኔም የአባል አስተያየት ስለሆነ በቃለ ጉባኤ ልመዘግበው እስክሪብቶዬን አነሣሁ፤ ግን ከአምስቱ በየትኛው መዝገብ መግባት እንዳለበት ስላላወቅሁ ተውኩት።