ፕራግ ጠፍቼ ሲልቨር ስፕሪንግ የተገኘሁ ዕለት

አውሮፓ ደርሶ የመጣ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ሕንፃ ነው። ያ ካቴድራል ስንት ዘመን ፈጀ፣ ያንን ድልድይ የትኛው ንጉሥ አሠራው፣ ጣሪያው ላይ የቆሙት ቅዱሳን ለምን ተቆጥተው ወደ ታች ያያሉ፣ እያለ እራት ያቀዘቅዝባችኋል። እኔም ፕራግ ደርሼ መጥቻለሁ። ስለ ሕንፃዎቿ ብትጠይቁኝ ግን እምብዛም የምላችሁ የለኝም። በዚያች ውብና ጥንታዊ ከተማ ትኩር ብዬ ያየሁት ነገር ቢኖር አንድ ቀይ የጀርባ ቦርሳ ነው። እሱም የማላውቀው ሰው ቦርሳ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሜሪካ ያለችው፣ ሐበሻ የሞላባት የሲልቨር ስፕሪንግ ልጅ ነኝ። ኮሌጅ ሳለሁ ለአንድ ሴሚስተር ጀርመን አገር ሄጄ እንድማር ተላክሁ። አብረውኝ ከተላኩት ተማሪዎች ሁለቱ የእኛው ልጆች ነበሩ፤ የአሌክሳንድሪያው ብሩክና የጀርመንታውኗ ሜሮን። ሜሮን ከሰው ጋር ስትተዋወቅ “ከጀርመንታውን ወደ ጀርመን፤ የጣልኩት ታውኑን ብቻ ነው” ትል ነበር። መቼም ተማሪ አውሮፓ ገብቶ ቅዳሜና እሁድ ቤቱ ከተቀመጠ እንደ በሽተኛ ነው የሚታየው። ከሲልቨር ስፕሪንግ አሌክሳንድሪያ ለመሄድ የቤልትዌዩን ትራፊክ እያሰብን ሳምንት የምናቅማማው ሰዎች፣ እዚያ ስንደርስ ሳንድዊች በልተን ሳንጨርስ አገር እንሻገር ጀመር።

ወደ ፕራግ ከመሄዳችን በፊት ግን ስለ ብሩክና ስለ እኔ ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። ወዳጅነቱ የልጆቹ እንጂ የእናቶቹ አልነበረም። እናቴና የብሩክ እናት እትዬ አልማዝ የአንድ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ናቸው። ዱሮ አይለያዩም ነበር። ከዚያ በአንዱ ፋሲካ፣ እናቴ ክረምቱን ሙሉ ወጥ ቤት ስትለማመደው የከረመችው ሶሎ፣ ያ ለብቻ የሚዘመረው ክፍል፣ ለእትዬ አልማዝ ተሰጠ። ማን ሰጠ? ለምን ሰጠ? እሱን ተዉት፤ እኔም ጠይቄ አተረፍኩ አልልም። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አንድ ረድፍ ላይ፣ መሐላቸው ሦስት ሰው አስገብተው፣ ስለ ፍቅር ይዘምሩ ጀመር። እኛ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ “ተጣላን” አይባልም። “ቢዚ ሆነን ነው” ይባላል። ሁለት ዓመት ሙሉ ቢዚ ሆኑ።

እንግዲህ በአንድ የጸደይ ቅዳሜ ፕራግ ገባን። ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ጃኬቴን አወለቅሁና የብሩክ ቀይ የጀርባ ቦርሳ ውስጥ ከተትኩት። የገንዘብ ቦርሳዬና ፓስፖርቴ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ነበሩ። ስልኬም ቻርጅ ጨርሶ ስለነበር፣ የብሩክ ቦርሳ ውስጥ ካለው ፓወር ባንክ ላይ ተሰካ። በአጭሩ ማንነቴን በሙሉ ብሩክ ጀርባ ላይ አሳፍሬ፣ እኔ በቲሸርት ቀለል ብዬ መንሸርሸር ያዝኩ። ቀለል ማለት እንዲህ አደገኛ መሆኑን ማን ነግሮኝ?

አሮጌው አደባባይ ላይ ያ የታወቀ የግንብ ሰዓት አለ። ሰዓት በሞላ ቁጥር ከመስኮቱ ትናንሽ ምስሎች ብቅ እያሉ ያልፋሉ፤ ሕዝቡም አንገቱን አንጋጦ ይጠብቃል። አየን። አለቀ። ሕዝቡ ተበተነ። እኔ ትንሽ ዘግይቼ ዞር ስል ቀዩ ቦርሳ ወደ አንዲት ጠባብ መንገድ ሲገባ አየሁትና ተከተልኩ። ዝም ብዬ መች ተከተልኩ! እንዲህ ባለ ጥንታዊ ከተማ ውስጥ ሰው ስለ ዘመን ምን ያህል እንደሚማር በአማርኛ ሰፊ ትንታኔ እየሰጠሁ ነው። ብሩክ አንድም ቃል አልመለሰም፤ ተመስጦ ነው አልኩ። በመጨረሻ ትከሻውን ነካ ሳደርገው ጺማቸው ደረታቸው የደረሰ ሽማግሌ ዞሩና በቋንቋቸው በትሕትና አንድ ነገር አሉኝ። ትንታኔውን ሳይወዱት አልቀሩም።

መመለስ ነበረብኝ። የፕራግን መንገዶች ቀጥ ብሎ መሄድ የሚያስጠላው ሰው ነው መሰል የነደፋቸው፤ በሄድኩበት ሁሉ ተጠማዝዘው ሌላ ቦታ ይጥሉኛል። ትልቁ ሰዓት የት እንደሆነ ለመጠየቅ አንዱን መንገደኛ አስቁሜ የእጄን አንጓ አሳየሁት። ስንት ሰዓት እንደሆነ ነገረኝና ሄደ።

እንደ ምንም አደባባዩን አገኘሁት። ብሩክና ሜሮን ግን የሉም። መጀመሪያ ሳቅ ብዬ ነበር፤ ትንሽ ቆይቼ መሳቁን ተውኩት። ማታ የምንመለስበት ባቡር አለ። ስልክ የለኝም፣ ገንዘብ የለኝም፣ ፓስፖርት የለኝም። በሰው አገር አንድ ጥቁር ልጅ ፖሊስ ቢያስቆመው ማን ነኝ ብሎ ያስረዳል? ቅድም ሲያምረኝ የነበረው ሕንፃ ሁሉ አሁን ከላይ ሆኖ የሚያፈጥብኝ መሰለኝ።

በቃሌ የማውቀው ስልክ ቁጥር በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ የእናቴ። ከግንቡ ጎን ካለ አግዳሚ ወንበር ላይ ትንሽ ውሻ የያዙ አሮጊት ተቀምጠዋል። በአንድ ሴሚስተር ጀርመንኛዬ ተለማመጥኳቸው። ምን ያህሉ እንደገባቸው እንጃ፤ “እናቴ ጋ” የምትለዋ ግን ገባቻቸው። ሳያቅማሙ ስልካቸውን አውጥተው ሰጡኝ፤ ወንበሩ ላይም ጠጋ አሉልኝ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ገና ጠዋት ነው። ደወልኩ፤ አታነሣም። የማታውቀውን ቁጥር አንሥታ አታውቅም። ደግሜ ደወልኩ፤ የመልእክት ሳጥኗ ሞልቷል። በሦስተኛው አነሣችና፣ ለባንክና ለትራፊክ ፖሊስ ብቻ በምታወጣው እንግሊዝኛ፣ በስልክ ዕቃ የሚሸጥ ሰው መስዬአት፣ ስሜን ከሊስታችሁ አውጡ አለች።

“እማዬ፣ እኔ ነኝ” አልኳት።

እዚህ ላይ የማላውቀው ነገር ነበር። ለካ ባለፈው እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስለ ማጭበርበር ትምህርት ተሰጥቷል። የልጃችሁን ድምፅ በኮምፒውተር አስመስለው፣ ከውጭ አገር ቁጥር ደውለው፣ ጠፋሁ፣ ስልኬ የለም፣ የሰው ስልክ ለምኜ ነው ይሏችኋልና ተጠንቀቁ ተብለዋል። እኔ ደግሞ ትምህርቱን አጥንቼ የመጣሁ ይመስል አንድ በአንድ ዘረገፍኩላት። ድምፁን በደንብ እንዳሳመሩት ከመሰከረች በኋላ ጌታ ይቅር ይበላችሁ ብላ ልትዘጋው ሆነ። ኧረ እኔ ገንዘብ አልጠየቅሁሽም አልኳት። መጀመሪያ ላይ እንደማይጠይቁ ታውቃለች። ቤት ውስጥ የምትጠራኝን የልጅነት ስም ነገርኳት። እሱንማ በየልደቱ ፌስቡክ ላይ የምጽፈው ራሴ ነኝ አለች። ከዚያ ትንሽ አሰበችና፣

“እሺ፤ አልማዝ ሶሎውን የዘመረች ቀን፣ ቤት ስንገባ ምን አልኩ?” ብላ ጠየቀችኝ።

ፕራግ ውስጥ አማርኛ የሚሰማ እንደሌለ ባውቅም ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። “ጌታ የሚያየው ልብን ነው፤ ጆሮውን ለእኛ ተወልን፣ አልሽ።”

“ልጄ!” ብላ ማልቀስ ጀመረች።

ከዚያ የባሰው መጣ። የብሩክን ቁጥር እናቴ አታውቅም። የሜሮንን ቤተሰቦች አታውቃቸውም። የቀሩት እትዬ አልማዝ ብቻ ናቸው። ይህን ስነግራት ረጅም ዝምታ ሆነ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ሁለት ፋሲካ፣ አንድ ሶሎ፣ መሐል የገቡ ሦስት ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። እናቴ ኩሩ ሴት ናት፤ ቢዚ ነኝ ብትል አይገርመኝም ነበር። “እንዳትንቀሳቀስ” አለችኝና የአባቴን ስልክ ከጠረጴዛው አነሣች። በስፒከር ሲጠራ ይሰማኛል። ተነሣ።

“አልማዝዬ፣ እኔ ነኝ” አለች።

እትዬ አልማዝ ምነው ዛሬ፣ ምን እግር ጣለሽ፣ አላሉም። “ምን ሆንሽ እህቴ?” ብቻ ነው ያሉት። ፓስፖርት የሌለኝ ሰውዬ ለፓስፖርቴ ሳይሆን ለዚህች ቃል ዓይኔ እንባ ሞላ። አሮጊቷ እጄን ያዝ አደረጉኝ።

አሌክሳንድሪያ ውስጥ ደግሞ ሌላ ስልክ ተነሣ። እትዬ አልማዝ ለብሩክ ደወሉ፤ ብሩክ የሚላቸውን ለእናቴ ይነግራሉ፣ እናቴ ለእኔ ትነግረኛለች፣ የእኔም መልስ በዚያው መንገድ ይመለሳል። እነ ብሩክ ወንዙ ላይ እስካለው ድልድይ ድረስ ሄደው ሲፈልጉኝ ቆይተው አሁን ተመልሰዋል። ብሩክ ሰዓቱ ስር ነኝ ይላል፣ አንተስ የት ነህ ተባልኩ። እኔም ሰዓቱ ስር ነኝ አልኩ። መልእክቱ ሄደ። ከዚያ እትዬ አልማዝ አንድ ነገር ሲናገሩ ሰማሁ፤ እናቴም አቀበለችኝ፦

“ዙር።”

ግንቡን ዞርኩ። ብሩክ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ቆሟል፤ ሜሮን አጠገቡ ዓይኗ በልቅሶ አብጧል። መጀመሪያ ትከሻዬን በቡጢ አለችኝ፤ ቀጥላ አቀፈችኝ። ሰው አንድ ማዕዘን ለመዞር አትላንቲክን ሲሻገር በታሪክ የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም።

ስልኩን ልመልስ ስል መስመሩ አልተዘጋም። ተገኘን ብል የሚሰማኝ የለም፤ ሁለቱ እናቶች እኛን ረስተውናል። አንደኛዋ ስለ ጉልበቷ ሕመም ጀምራለች፤ ሌላኛዋ እኔን ሳትነግሪኝ ትላለች። ሦስቴ ቻው ብዬ ራሴ ዘጋሁት። አሮጊቷን ለማመስገን ጀርመንኛዬ አልበቃ ሲለኝ በአማርኛ “ጌታ ይባርክዎት” አልኳቸው። ጉንጬን ዳበስ አድርገውኝ ውሻቸውን ይዘው ሄዱ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅሁም። እስከ ዛሬ ስጸልይ “ያቺ ባለ ውሻዋ እናት” እላለሁ፤ ላይ ቤት ማን እንደሆኑ አይጠፋቸውም። ለባለ ጺሙ ሽማግሌም ቢሆን ምስጋና አለኝ። እሳቸው ባይኖሩ እናቴና እትዬ አልማዝ ዛሬም ቢዚ ነበሩ።

ሴሚስተሩ አልቆ ስንመለስ ሁለቱም ደለስ ኤርፖርት በአንድ መኪና መጥተው ተቀበሉን። አሁን መዘምራኑ ውስጥ ጎን ለጎን ነው የሚቆሙት። ይቅርታ ተባብለው ይሆን? አልሰማሁም። በየጠዋቱ ሲደዋወሉ ግን እሰማለሁ።

ባለፈው ወር ከስፕሪንግፊልድ አንዲት ተማሪ ፕራግ ልትሄድ ነው ብላ ምክር ፈልጋ ቤታችን መጣች። ፕራግ የሄድኩት እኔ፤ የተጠየቀችው እናቴ። እናቴም ሳታቅማማ አደባባዩን፣ ድልድዩን፣ ሰዉ የሚጠፋበትን ጠባብ መንገድ ሁሉ አስረዳቻት። እትዬ አልማዝም በስፒከር ገቡ። ሰው የሚጠበቀው ከግንቡ በዚህኛው በኩል ነው፣ የለም በዚያኛው በኩል ነው በሚለው ላይ ሁለቱ ሳይስማሙ ብዙ ቆዩ። ልጅቷ ግራ ገብቷት እኔን ታየኛለች፤ እኔን ግን ማን ቦታ ሰጥቶኝ?

ስልኩ ሲዘጋ እናቴ ወደ ልጅቷ ጠጋ አለችና ራሷን ነቀነቀች።

“አልማዝ እህቴ ናት፣ እወዳታለሁ” አለቻት። “ፕራግን ግን አታውቃትም።”